በነጠላ ጫፍ የታሰሩት ዳኛ

የተቆረጠ ሰሊጥ ሊፈነዳ ሲል የራሱ ሽታ አለው። ዘይት እንዳይሉት ገና አልተጨመቀም፣ ሣር እንዳይሉት የሣር ወዝ የለውም። ባለፈው ኅዳር ለዘመድ ለቅሶ መተማ አጠገብ ወዳለችው ኮኪት ስወርድ የአውቶቡሱ ሞተር ጋለና ቆመ፤ ሁላችንም ወረድን። ከመንገዱ ዳር ሂላ ቆሟል። ሂላ የምንለው የሰሊጥ ነዶ እንዲደርቅ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የሚቆምበትን ክምር ነው። ጠጋ ብዬ አንዱን ነዶ አሸተትኩ። ሳላስበው ጣቶቼ የነጠላዬን ጫፍ ይቋጥሩ ጀመር። አጠገቤ የነበረች ወጣት «ምን ሊቋጥሩበት ነው፣ እማማ?» አለችኝ። «አያቴን» ብላት ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን መተማን ይዞ በተቀመጠባቸው ዓመታት ነው። ትልቁ ጦርነት ወደኛ ድንበር ገና አልደረሰም፣ ሽቦው ግን ደርሷል። ከሱዳን የሚለየን በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ አሸዋው ብቻ የሚቀር ጅረት ነው፤ ኾር እንለዋለን። ከኾሩ ዳር አንዲት ትልቅ የሮቃ ዛፍ ነበረች። ጣሊያን ምሽጉን ሲሠራ ሮቃዋን ከነጥላዋ በእሾሃማ ሽቦ አጥሮ ወሰዳት። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ስለነበር ከደጃችን ስንቆም አናቷ ይታየናል።

ያቺ ሮቃ የአያቴ ችሎት ነበረች። ሰው ሁሉ «ዳኛ ገሠሠ» ይላቸዋል እንጂ የሾማቸው ባለሥልጣን አልነበረም። በዚያ ዘመን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተጣሉ ያገኙትን ሽማግሌ አስቁመው «ዳኘን» ይላሉ፤ የተጠራ ሰው እንቢ ማለት ነውር ነው። አያቴ በወጣትነታቸው ጥጥ ሊነግዱ ከደጋ ወርደው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ፍርዳቸው ሲወደድ ጊዜ መንገድ ላይ መቆም በዛባቸው። በኋላ ሮቃዋ ሥር ድንጋይ አስቀምጠው «እንግዲህ የተጣላ እዚህ ይምጣ፣ እኔ ገበያዬን ልሂድበት» አሉ ይባላል። ገበያቸውን ግን ከዚያ በኋላም አልሄዱም። ከድንጋዩ የሚያስነሳቸው ሰው አልተገኘም።

እኔ በጣም ትንሽ ሆኜ እዚያ ድንጋይ ላይ፣ ጉልበታቸው ሥር እቀመጥ ነበር። የማስታውሰው የሰዎቹን ፊት ሳይሆን እግራቸውን ነው፤ አቧራ የለበሰ እግር፣ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይመጣል። ከሳሹ የራሱን የነጠላ ጫፍ ከተከሳሹ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጥሮ «በሕግ አምላክ!» ካለ አለቀ። ተከሳሹ የፈለገ ጉልበተኛ ቢሆን ያንን የጨርቅ ቋጠሮ በጥሶ አይሮጥም። ቁራኛ ይባላል። ተቋጥረው ይመጣሉ፣ ተቋጥረው ይሟገታሉ፤ ነገሩ በአንድ ቀን ካላለቀ «ዋስ ጥራ» ይባላል። ዋስ የጠራ ይፈታል፣ ዋስ ያጣ በብረት ይታሰራል። አያቴ ግን ሰው በብረት አስረው አያውቁም። ተከሳሹ ዙሪያውን አይቶ ዋስ ሲያጣ፣ አያቴ ዳኝነቱን ለሌላ ሽማግሌ ይለቁና ራሳቸው ዋስ ይሆናሉ። እናቴ ሲብስባት «ያገሩን ወንበዴ ሁሉ ዋስ ሆነው ጨረሱት» ትል ነበር።

የመርሳታቸውን መጀመሪያ ማንም አላየውም። እኛ ያወቅነው ምግብ እንቢ ሲሉን ነው። እናቴ ራት ስታቀርብላቸው እጃቸውን ሰብስበው «የባለጉዳይ እህል አልበላም» አሉ። እናቴ የአማቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው ግን ፊታቸውን አዙረው «መማለጃሽን አንሺ» አሏት። በማግስቱም እንዲያው። ደጅ ወጥታ ስታለቅስ አይቻታለሁ። በሦስተኛው ቀን ግን እንባዋን ጠርጋ ገባችና ከፊታቸው ቆመች።

«ዳኛው፣ የኔ ጉዳይ እኮ ካለቀ ቆየ። ተረትቼ ነው የሄድኩት» አለች።

«ተረትተሽ ነው የምታበይኝ?»

«ፍርዱ ደስ ብሎኝ።»

አያቴ አሰብ አደረጉና «እንዲያ ከሆነ ጥሩ ሰው ነሽ» ብለው በሉ። ከዚያ ወዲህ እናቴ በየዕለቱ ትረታለች። በቅሎ ተረትታለች፣ ድንበር ተረትታለች፣ አንድ ቀን እንዲያውም ባሏን ተረታሁ ብላ አባቴን አስቆጥታለች። እናቴ እንዲህ ያለ ተጫዋች መሆኗን ያወቅኩት በዚያ ዓመት ነው።

ችግሩ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጥላ መርዘም ሲጀምር አያቴ ይነሳሉ። ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ዱላቸውን ይፈልጋሉ፣ «ባለጉዳዮቹ መጡ?» ይላሉ። ጣሊያን ሊገባ ሰሞን ሁለት ሰዎች ስለ አንድ በቅሎ ተካሰው አያቴ ለሌላ ቀን ቀጥረዋቸው ነበር አሉ። አገር ተረበሸ፣ ሰዎቹም በዚያው ቀሩ። አያቴ የልጃቸው ስም ሲጠፋባቸው ያ ቀጠሮ ግን አልጠፋባቸውም። ሮቃዋ ሥር የሚጠብቋቸው ይመስላቸዋል፤ ወደዚያው ይነሳሉ።

እኔ ደግሞ በልጅነት አእምሮዬ ሁለቱ ሰዎች ቢገኙና ፍርዱ ቢያልቅ አያቴ የሚድኑ መሰለኝ። ስለዚህ ገበያ ውስጥ ሁለት ሆኖ የሚሄድ ሰው ባየሁ ቁጥር ልብሱን ይዤ «የበቅሎዋ ሰዎች እናንተ ናችሁ?» እላለሁ። አያ ኢድሪስ ጨርቅና ስኳር የሚሸጥ ጎረቤታችን ነበር፤ በአባቱ የሱዳን፣ በእናቱ የጎንደር ሰው ነው። አንድ ቀን ዕቃ የጫነች አህያውን እየነዳ ሲያልፍ ትክ ብዬ ሳየው «ምነው ዘነቡ፣ እኔንና አህያዬን ልትጠይቂን ነው? ወላሂ እኛ አልተጣላንም!» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ያጡት ሰው እየሳቁ የሚፈለግ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ የሰሊጡ ጊዜ ደረሰ። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታግሶ አይቆምም። ቀኑ ካለፈ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይፈስሳል፣ ከመሬት ደግሞ ወፍ እንጂ ሰው አይለቅመውም። ስለዚህ እጅ ያለው ሁሉ እርሻ ይውላል። አባቴ አዱኛ፣ እናቴ፣ ሞላ የሚባል ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ ሰው፣ ሌሎችም ጎረቤቶች ሄዱ። ቤት የቀረነው እኔና አያቴ ነን። «አባባን እንዳይወጡ ጠብቂ» ተባልኩ።

እንዴት አድርጌ? አያቴ ረጅም ሰው ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው እንኳ ሲራመዱ እኔ እሮጥ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጥላው ሲረዝም ተነሡ። እጃቸውን ይዤ ጎተትኩ፤ ጎትተው ወሰዱኝ። አለቀስኩ፤ «አታልቅሺ፣ ቶሎ እመለሳለሁ» ብለው ለቀቁኝና ሄዱ። ከሽቦው ጋ ደርሰው በሁለት እጃቸው ይዘው ይነቀንቁት ጀመር። ከወዲያ ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያ ጥይት ወደ ሰማይ ተተኮሰ። እኔ መሬት ላይ ተደፋሁ። አያቴ አልደነገጡም፤ «ዝም በሉ፣ ችሎት ነው!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ያገኛቸው ዘበኛ ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከወዲያ ከመረብ ምላሽ የመጣ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ነበር። በክንዳቸው ይዞ እርሻው ድረስ አመጣቸውና ለአባቴ አስረከባቸው። «እኔም አባት አለኝ» አለው። «ነገ ግን ተረኛው እኔ አይደለሁም። የሚቀጥለው ጥይት ወደ ሰማይ አይሄድም።»

በማግስቱ እናቴ ቤት ዋለች፤ አባቴ እርሻውን ትቶ ሸሕዲ ገበያ ሄደ። ሰሊጥ እየፈሰሰበት እርሻ የሚተው ሰው ምን ሊገዛ እንደሚሄድ አልገባኝም ነበር። አመሻሽ ላይ በጆንያ የጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ከፍቼ ሳየው ሁለት ቀለበት ያለው ብረት ነው፣ መካከሉ ሰንሰለት። አህያችን ሌሊት ሌሊት እየጠፋች ታስቸግረን ነበርና «ለአህያዋ ነው?» አልኩ ደስ ብሎኝ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያኔ ዞር ብዬ አያቴን አየሁ። እግራቸውን ዘርግተው አንገረቡ ላይ፣ ጠፍር አልጋቸው ላይ፣ ተቀምጠዋል። እግራቸው ቀጭን ነበር።

«ሞተው ከማያቸው ታስረው ልያቸው» አለ አባቴ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ደጋግሜ መናገር እወዳለሁ፤ ሰው ሲፈራ የሚይዘውን ነው የያዘው።

«ሰው በብረት ያላሰሩ ሰው ናቸው፣ አዱኛ። ዋስ ለሌለው ሁሉ ዋስ የሆኑ ናቸው» አለች እናቴ።

«አውቃለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? አንቺ ቤት ዋይ፣ ሰሊጡ ይፍሰስ? ክረምቱን ምን እንበላለን?»

«ነገን ብቻ ስጠኝ» አለችው። «ነገ ካልወጡ ይቅር። ከወጡ ያሰብከውን አድርግ።» አባቴ ብረቱን ከአንገረቡ ሥር አስገባው። አያቴ ጎንበስ ብለው አዩትና «ይህን ብረት ማን ረሳው?» አሉ።

በማግስቱ ሁሉም ሲሄዱ እናቴ ግንባሬን ሳመችና ሄደች። የማደርገውን ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋቱን አያቴን ስለ በጎች ጠየቅኳቸው፣ ስለ ደጋ ጠየቅኳቸው፣ የከርከዴ ውኃ አጠጣኋቸው። ጥላው ረዘመ። ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

በሩ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። በትከሻዬ ይዘው ቀስ አድርገው ወደ ጎን አደረጉኝ። ከኋላቸው ሮጥኩ። መንገዱ ወደ ሮቃዋ ሊታጠፍ ሲል የማደርገው ጠፋኝና የነጠላቸውን ጫፍ ያዝኩ። ከእናቴ አሮጌ ነጠላ ተቀድዶ የተሰጠኝ ልብስ ነበረኝ፤ የሱን ጫፍ ከሳቸው ጫፍ ጋር ቋጠርኩ። ከልጆች ጋር ከሳሽና ተከሳሽ ስንጫወት እንደምናደርገው ማለት ነው። «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ።

አያቴ ባሉበት ቆሙ። አንዲት እርምጃ አልጨመሩም። ዘወር ብለው ቋጠሮውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ቋጠሮውን አዩ። ከዚያ ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ አድርገው ቋጠሮዬን ፈቱት። አለቀልኝ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እንደገና፣ ጠበቅ አድርገው፣ ደህና አድርገው ቋጠሩት።

«የላላ ቋጠሮ ነው ያንቺ» አሉ። «ተከሳሽ ያመልጥሻል። በይ፣ ዳኛሽ ማን ነው?»

ዳኛ የሚመረጥ መሆኑን ረስቼው ነበር። አንድ የማውቀው ትልቅ ሰው ብቻ ወደ አፌ መጣ። «አባቴ ነው። እርሻ ነው ያለው» አልኩ።

«እንሂድ» አሉ። ጀርባችንን ለሮቃዋ ሰጥተን ሄድን።

መንገድ ላይ አያ ኢድሪስ በአህያው ላይ ሆኖ ከኮኪት ሲመለስ አገኘን። ገና ሲያየን መሳቅ ጀምሮ ነበር። ቋጠሮውን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠና ከአህያዋ ዘሎ ወረደ፤ በሕግ በተያዘ ሰው ፊት ተቀምጦ አይታለፍም።

«ዳኛ ገሠሠ! ማን ነው የከሰሰዎት?»

«ይህች ናት። ከሳሽ ይቅደም፤ እሷን ጠይቃት» አሉ አያቴ።

እኔ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ወደ አባባ... ወደ አባቴ... ዳኛው እሱ ነው... ብረቱ አለ» አልኩ። አያ ኢድሪስ ከዚህ የሰማው አባቴ በአባቱ ላይ ክስ መመሥረቱን፣ ለዚህም ሕፃን ልጅ መላኩን ብቻ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። አህያዋን እየጎተተ ከፊታችን ገሠገሠ። እርሻው ዳር ሳንደርስ ጩኸቱ ደረሰ፦

«አዱኛ! አንተ አዱኛ! አባትህን በዚህች ጭብጦ በምታህል ልጅ ታስቋጥራለህ? የት ነው የተማርከው? ሽማግሌ ጠፍቶ ነው?»

አባቴ ማጭዱን እንደያዘ ቀና አለ። ምን እንዳደረገ አያውቅም፤ ብረቱ ግን አንገረቡ ሥር ስላለ ጥፋተኛ ይመስል ፊቱ ቀላ። አጫጆቹ ሁሉ ቀና አሉ። ከነዶው መካከል እናቴ እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየኋት።

አያቴ የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ከልጃቸው ፊት ሲደርሱ ዱላቸውን መሬት አደረጉ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አድርገው ወገባቸው ላይ አደገደጉ፣ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ። ሰው ሁሉ ከፊታቸው ሲያደርገው የኖረውን ነው። «ጌታዬ ዳኛው» አሉት። «ተከስሼ መጥቻለሁ።»

አባቴ ወደ እናቴ አየ፣ ወደ ኢድሪስ አየ። የሚረዳው አልተገኘም። በመጨረሻ ዝግ ባለ ድምፅ «ክስሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ወደ ሽቦው ይሄዳሉ፣ እኔ አልችላቸውም፣ ይተኮስባቸዋል፣ ብረት ገዝተሃል፣ እግራቸው ቀጭን ነው። ክስ ይሁን ልመና እኔም አላውቅም። አልቅሼ ጨረስኩ።

«ተከሳሽስ ምን ይላሉ?» አለ አባቴ።

«እውነቷን ነው፤ አልክድም» አሉ አያቴ። «እሄዳለሁ። ወዴት እንደምሄድ ስነሣ አውቀዋለሁ፤ መንገድ ላይ ይጠፋብኛል። እንዲህ ያለ ሰው መያዙ ተገቢ ነው።»

ከአንዱ ሂላ ላይ የፈነዳ ፍሬ ሲረግፍ ይሰማኝ ነበር። አባቴ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፣ ላብ ይመስል። ያኔ ጎጃሜው ሞላ፣ በጉልበቱ እንደተንበረከከ፣ «ኧረ ዋስ ይጠራ! ኸሕግ ውጭ ነው እንዴ ያለነው?» አለ።

«ዋስ አለዎት?» አለ አባቴ።

አያቴ ዙሪያውን አዩ። አንድ በአንድ ሁሉንም አዩ፤ አብረዋቸው ያረጁትን፣ ያስታረቋቸውን፣ ልጃቸውን። «እኔ እዚህ አገር የማውቀው ሰው የለም» አሉ። በደግ ድምፅ ነው ያሉት፤ ያ ነው የባሰው።

«እኔ ዋስ ነኝ» አለ አያ ኢድሪስ።

«እኔም» አለ ሞላ ማጭዱን ወደ ላይ አንሥቶ። «ኸሩቅ አገር ብመጣ ዋስነት ያው ነው።»

«እኔ» አለች እናቴ። ከኋላ ሌላ ሰው፣ ከወዲያ ሌላ ሰው «ዋስ ነኝ» አለ። አያቴ እያንዳንዱን ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ያመሰግኑ ነበር። ሁሉም ብሎ ሲያበቃ አባቴ ብቻ ቀረ። ማጭዱን ያገላብጣል።

«አባባ» አለ በመጨረሻ። ዳኛ መሆኑን ረስቶት ነበር። «ዳኛ ዋስ መሆን ይችላል?»

አያቴ ቀና አሉ። ለዚያች ጥያቄ ሙሉ ሰው ሆኑ፤ ዓይናቸው ጠራ። «አይችልም» አሉ። «ዋስ ሊሆን የፈለገ ዳኛ ዳኝነቱን ይለቃል።»

«ለቅቄያለሁ» አለና ማጭዱን ነዶው ላይ አስቀመጠ። «ዋስዎ እኔ ነኝ።»

እናቴ እልል አለች። ፍርድ ቤት እልል አይባልም፤ ማንም ግን አልተቆጣትም።

ዋስነት በኛ አገር የአፍ ነገር አይደለም። ዋስ የሆነ ሰው ሰውየው ቢጠፋ ተጠያቂ ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቴን የማቆየት ጉዳይ የኛ ቤት ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ሲሆን አንዳንድ ቀን አያ ኢድሪስ ሱቁ በር ላይ አንገረብ አውጥቶ ያስቀምጣቸዋል፤ ደንበኛ ሲከራከረው «ዳኛው ይስሙን» ይላል፤ አያቴም ሁልጊዜ ለደንበኛው ይፈርዱበታል። «እኚህ ሰውዬ ሱቄን ሊዘጉት ነው» እያለ ይስቃል፣ በማግስቱም ይጠራቸዋል። ሌላ ቀን ሞላ እርሻ ይዟቸው ይሄዳል። ጣታቸው ማሰር አልረሳም ነበር፤ ነዶ ሲያስሩ ከወጣቱ ሁሉ ይበልጣሉ፣ ያሰሩትን ግን ማነው ያሰረው ይላሉ። ማንም ሲወስዳቸው መጀመሪያ የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥራል። ሳይቋጠሩ አይሄዱም፤ ቋጠሮ ካለ ደግሞ ወደ ሮቃዋ ዘወር አይሉም። ባለጉዳይ ሆነው ሳለ እንዴት ችሎት ይቀመጣሉ?

ሁሉም ነገር ቀና ሆነ አልልም። ወባ ሲነሣባቸው አባቴን በዱላ መትተውታል። ልብሳቸውን አርጥበው እናቴ ስታጥባቸው የሚያለቅሱበት ቀን ነበር፤ እናቴም አብራቸው ታለቅስና ተያይዘው ዝም ይላሉ። አንዳንድ ጠዋት እኔንም አያውቁኝም፤ ይህ ይከፋኝ ነበር፣ አሁንም ሳስበው ይከፋኛል። ሰሊጡ ግን አልፈሰሰም። ብረቱም በመጨረሻ እኔ ባልኩት ላይ ዋለ፤ አባቴ አንገረቡ ሥር ሲያገኘው ብዙ ቆሞ አየውና ወጥቶ በአህያዋ እግር ላይ አሠረው።

ሰሊጡ የሚራገፍበት ቀን መጣ። ነዶውን እየገለበጡ ጨርቅ ላይ ሲያራግፉት ነጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ድምፁ ደስ ይላል። ሁሉም እዚያ ነበሩ። እኔና አያቴ ከመንገዱ ዳር ራኩባው ሥር፣ በሣር ክዳኑ ዳስ ጥላ፣ ተቋጥረን ተቀምጠናል። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። በዚያ የመከር ወቅት መጨረሻ አንድ ትልቅ ሥራ የያዝኩ ሰው መስዬ ለራሴ ይታየኝ ነበር፤ አንገቴን ቀና አድርጌ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ።

በቅሎ የሚስብ መንገደኛ ውኃ ለምኖ ቆመ። ጠጥቶ ሲያበቃ ቋጠሮውን አየ። እኔ ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን እንደ ወጉ የጠየቀው ሽማግሌውን ነው፤ «በሰላም ነው አባቴ? በምን ተጣላችሁ?»

አያቴ ወደሱ ጎንበስ አሉ። እኔ እንዳልሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ጆሮዬ ግን አጠገባቸው ነበር።

«አልተጣላንም» አሉት። «ልጅቱ ትጠፋለች። እዚህ ታች ሽቦ አለ፣ ይተኩሳሉ፤ እሷ ደግሞ አታውቅም። እናቷ እርሻ ውላለች። ዋስ የላትም፣ ዋሷ እኔ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ የምጠብቃት እኔ ነኝ።»

ሰውዬው በአክብሮት እጅ ነሣቸው። «እግዜር ያክብርልኝ አባቴ» ብሎ በቅሎውን ስቦ ሄደ።

እኔ ክርክር የምወድ ልጅ ነበርኩ። ማን ማንን እንደሚጠብቅ ልነግራቸው ነበር። ወደ ላይ ሳያቸው ግን እጃቸው ቋጠሮው ላይ ነው፤ ሲመሽ እንደሚያደርጉት ሁሉ ላልቶ እንደሆነ በጣታቸው ይፈትሹታል። አፌን ዘጋሁ።

«አይዞሽ» አሉኝ ቋጠሮውን ጠበቅ አድርገው። «እናትሽ እስክትመጣ ነው።»